የቅዳሜ ሌሊት ሳቅና የቤታችን ሚዛን



በባዕድ አገር ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ጥያቄ አያጣም። እኛ ከዋሽንግተን ከተማ ማዶ በቨርጂኒያ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። በቤታችን በየሳምንቱ የሚመላለሰው ጥያቄ የቅዳሜ ማታው ነው። ቅዳሜ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን ኤን.ቢ.ሲ. በተባለው ጣቢያ «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» ይጀምራል። ትርጉሙ «ቅዳሜ ማታ በቀጥታ ሥርጭት» እንደ ማለት ነው። አጫጭር ጭውውቶች ይቀርቡበታል፤ በዜና መልክ የተሠራ ፌዝም አለው፤ በመሀሉ አንድ የፖፕ ወይም የሮክ ባንድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዘፈን ይጫወትበታል። የሚያልቀው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው።

ትልቋ ልጃችን 17 ዓመቷ ነው፤ ዝግጅቱ እንዲያልፋት አትፈልግም። የ14 ዓመቱ ወንድሟ ደግሞ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቁሞ ድራም ይመታል። ምክር የጠየቅናቸው ወዳጆቻችን ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ «ቴሌቪዥኑን አውጥታችሁ ጣሉት» አሉን። ገሚሶቹ «ተዉአቸው፣ የሚያድጉበት አገር ባህል ነው» አሉን። እኛ ደግሞ ሳያውቁ መከልከልም፣ ሳያውቁ መፍቀድም ያው ነው ብለን ነገሩን ከሥሩ ለማየት ተቀመጥን። ያገኘነውንም ለመሰሎቻችን ወላጆችና ለወጣቶች ይጠቅም እንደሆነ ብለን እነሆ ጽፈነዋል። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ሳምንት የሚሠራ ሳቅ

ዝግጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ኦክቶበር 11 ቀን 1975 ነው። ያቋቋመው ሎርን ማይክልስ የሚባል የካናዳ ተወላጅ ሲሆን፣ የሚተላለፈውም ኒው ዮርክ ከሚገኘው የሮክፌለር ሕንፃ፣ 8ኤች ከተባለው ስቱዲዮ ነው። ይህ ስቱዲዮ ቀድሞ የቶስካኒኒ ታላቅ ኦርኬስትራ ለሬዲዮ ይጫወትበት የነበረ አዳራሽ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ዝግጅቱን የመራው ቀልደኛው ጆርጅ ካርሊን ነበር፤ የሙዚቃ እንግዶቹም ቢሊ ፕሬስተንና ጃኒስ ኢያን ነበሩ። ዝግጅቱ በ2025 ዓ.ም. የ50 ዓመት በዓሉን አክብሯል።

ለመሆኑ የጭውውቱ ጥራት ለምን ይዋዥቃል? አንዱ ሳምንት ሆድ ያስይዛል፤ ሌላው ሳምንት ያዛጋል። መልሱን ያገኘነው ከአሠራሩ ነው። ሰኞ ዕለት ጸሐፊዎቹና የሳምንቱ እንግዳ መሪ ተሰብስበው ሐሳብ ይወረውራሉ። ማክሰኞ ሌሊቱን ሙሉ ይጻፋል። ረቡዕ በደርዘን የሚቆጠሩ ጽሑፎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተነበው ጥቂቶቹ ይመረጣሉ። ሐሙስና ዓርብ የመድረኩ ዕቃ ይሠራል፤ ባንዱም ይለማመዳል። ቅዳሜ ምሽት በተመልካች ፊት ሙሉ ልምምድ ይደረጋል። ያኔ ሰው ያልሳቀበት ጭውውት ይሰረዛል፤ የሳቀበት ወደ ፊት ይመጣል። እንግዲህ ከባዶ ወረቀት እስከ ሥርጭት አንድ ሳምንት እንኳ አይሞላም። እንዲህ በችኮላ የተጋገረ እንጀራ ዓይን ባያወጣ ምን ይደንቃል?

ከደሴ ሊጠይቁን የመጡት አያታቸው እንግሊዝኛ አይሰሙም። አንድ ጊዜ አብረው ትንሽ ካዩ በኋላ፣ «እነዚህ ሰዎች ሲነጋገሩ ለምን እርስ በርስ አይተያዩም? የማንን ፊት ነው የሚያዩት?» ብለው ጠየቁን። ልጆቹ ሳቁ። እውነታቸውን ግን ነበር። ንግግሩ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ስለሚቀየር ተዋናዮቹ የሚያነቡት ከካሜራው አጠገብ ከተያዘ፣ በእጅ ከተጻፈ ትልቅ ካርቶን ላይ ነው። ቋንቋውን የማያውቁት እማማ እኛ ሁላችን ያላየነውን ስፌት አዩት።

«ድሮ ይሻል ነበር» የሚለው ሮሮም የዛሬ አይደለም። በ1980 ዓ.ም. ማይክልስና የቀድሞዎቹ ተዋናዮች ሲለቁ ብዙዎች ዝግጅቱ አበቃለት ብለው ነበር። በዚያው ዓመት ኤዲ መርፊ የሚባል ገና 19 ዓመት የሆነው ወጣት ገባና ነፍስ ዘራበት። ማይክልስም በ1985 ዓ.ም. ተመለሰ። ከጎረቤቶቻችን ስንሰማ ሁሉም የሚያወድሰው እሱ ራሱ ወጣት በነበረ ጊዜ የነበሩትን ተዋናዮች ነው። ሰው የሚናፍቀው ጭውውቱን ይሁን የገዛ ጉርምስናውን ለመለየት ያስቸግራል።

ባንዶቹና ቀጥታ ሥርጭት

ባንድና ቀልድ በአንድ መድረክ መዋላቸው ለዝግጅቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1976፣ ማይክልስ ካሜራ ፊት ተቀምጦ የተበታተኑት ቢትልሶች ተመልሰው ሦስት ዘፈን ቢጫወቱ 3,000 ዶላር እንደሚከፍላቸው ተናገረ። በዚያን ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ለሚቀርብላቸው ሰዎች ይህ ቀልድ ነበር። ጆን ሌነን በኋላ እንደ ተናገረው ግን እሱና ፖል ማካርትኒ በዚያ ምሽት እዚያው ኒው ዮርክ፣ በሌነን ቤት ሆነው ዝግጅቱን ያዩ ነበር፤ ተነሥተው ሊሄዱም ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ደከመን ብለው ቀሩ።

በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ብሉ ኦይስተር ከልት የተባለው የሮክ ባንድ በ1976 ዓ.ም. ያወጣውን ዘፈን ሲቀርጽ የሚያሳይ ጭውውት ቀረበ። ዊል ፌሬል የላም ቃጭል እየመታ ጓደኞቹን ሲረብሽ፣ ክሪስቶፈር ዎከን ደግሞ ቃጭሉ እንዲጨመር ሲያዝ ይታያል። ልጃችን ይህን ጭውውት ከጓደኞቹ ጋር በቃሉ ይዞታል። እኛም ስናየው ሳቅን። ለምን እንደ ሳቅን ስናስብ፣ በጭውውቱ የተዋረደ ሰው አለመኖሩ ታየን። የሚሳቅበት ነገር በማይረባ ነገር ላይ ትልቅ ቁም ነገረኛ መሆን ነው፤ ያም የሁላችንም ጠባይ ነው።

በባንዶቹ ላይ ያየነው ሌላው ነገር ቀጥታ ሥርጭት ሰውን እንዴት እንደሚገልጥ ነው። ዲሴምበር 17 ቀን 1977 ሴክስ ፒስቶልስ የተባለው ባንድ የመግቢያ ቪዛ ስላላገኘ በምትኩ ኤልቪስ ኮስቴሎ ቀረበ። የተስማሙበትን ዘፈን ጀመረና ወዲያው አቋርጦ፣ የሬዲዮ ንግድን የሚነቅፍ ሌላ ዘፈን ተጫወተ። እስከ 1989 ዓ.ም. ድረስም ወደዚያ መድረክ አልተመለሰም። በ1999 ዓ.ም. በ25ኛው ዓመት በዓል ግን ያንኑ ማቋረጥ ራሱ እንደ ቀልድ ደገመው፤ የትናንቱ ቁጣ የዛሬ ጭብጨባ ሆነ። በኤፕሪል 1996 ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን የተባለው ባንድ፣ ባለጸጋው ስቲቭ ፎርብስ ዝግጅቱን በመራበት ምሽት፣ የአሜሪካን ባንዲራ ገልብጦ በመሣሪያዎቹ ላይ ሰቀለ። ሠራተኞች ባንዲራውን አወረዱ፤ ባንዱም ሁለተኛውን ዘፈን ሳይጫወት ተባረረ። በኦክቶበር 2004 ደግሞ አሽሊ ሲምሰን ሁለተኛ ዘፈኗን ልትጀምር ስትል፣ ማይክሮፎኑ ከአፏ ርቆ ሳለ ቀድሞ የተቀረጸው የመጀመሪያው ዘፈን ድምፅዋ ተሰማ። ግራ ገብቷት ትንሽ ዘለል ዘለል ብላ ከመድረክ ወጣች።

ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በካናዳ የተወለደው አቤል ተስፋዬም፣ ዘ ዊክንድ የሚባለው፣ በ2015፣ በ2016 እና በ2020 ዓ.ም. በዚሁ መድረክ ቀርቧል። ልጆቻችን የእሱን ስም በአገራችን አጠራር አስተካክለው መጥራታቸው ደስ እንደሚላቸው አይተናል።

ሹሃዳ

ለሙስሊም ቤተሰብ ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ግን የአንዲት የአየርላንድ ሴት ታሪክ ነው።

ኦክቶበር 3 ቀን 1992 ሲኔድ ኦኮነር የተባለችው ዘፋኝ ሁለተኛ ዘፈኗን ያለ ምንም መሣሪያ በድምፅዋ ብቻ አቀረበች። ዘፈኑ ቦብ ማርሊ በ1976 ዓ.ም. ያወጣው ሲሆን፣ የቃሉ መሠረት ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ ኦክቶበር 4 ቀን 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በአማርኛ ያደረጉት ንግግር ነው። እንግዲህ በዚያው በኒው ዮርክ በአማርኛ የተነገረ ቃል ጃማይካን ዞሮ፣ ከ29 ዓመት በኋላ በአንዲት አየርላንዳዊት አፍ እዚያው ከተማ ተሰማ። እሷም በግጥሙ ውስጥ በልጆች ላይ የሚፈጸመውን በደል ጨመረችበት። በመጨረሻም የሊቀ ጳጳሱን የዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊን ፎቶግራፍ ካሜራ ፊት ቀደደችው። ካህናት በሕፃናት ላይ የፈጸሙትን በደል ቤተ ክርስቲያኗ ሸሽጋለች ማለቷ ነበር። በስቱዲዮው ጭብጨባ አልነበረም።

በሳምንቱ ዝግጅቱን የመራው ተዋናዩ ጆ ፔሺ የተቀደደውን ፎቶ ተለጥፎ አሳየና፣ እሱ በነበረ ኖሮ በጥፊ ይላት እንደነበር ተናገረ። ሕዝቡ ሳቀ፤ አጨበጨበ። ከዚያም ኦክቶበር 16፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተባለው አዳራሽ ለቦብ ዲላን ክብር በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ስትቀርብ ብዙ ሰው ጮኸባት። እሷ ግን ባንዱን አስቁማ ያንኑ ዘፈን ደገመች።

ዓመታት አለፉ። በ2009 ዓ.ም. በአየርላንድ ሁለት የመንግሥት የምርመራ ሪፖርቶች ወጡ። በልጆች ላይ የደረሰው በደል ብዙና ለረጅም ጊዜ የቆየ እንደነበረ፣ መሸሸጉንም አረጋገጡ። በ2010 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ቤኔዲክቶስ 16ኛ ለአየርላንድ ካቶሊኮች ደብዳቤ ጽፈው ማዘናቸውን ገለጹ። ሲኔድ በ2018 ዓ.ም. እስልምናን ተቀብላ ሹሃዳ ተባለች፤ ሒጃብም ለበሰች። ጁላይ 26 ቀን 2023 በ56 ዓመቷ ለንደን ውስጥ አረፈች። በቀብሯ ዕለት ብሬይ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ሕዝብ መንገድ ዳር ተሰልፎ ሸኛት፤ ኢስላማዊ ዱዓም ተደረገላት። አላህ ይዘንላት።

በዚህ ታሪክ ላይ ቤታችን አልተስማማም። እናቲቱ «ፎቶ መቅደዱ ምንም ያልበደለውን ምእመን ልብ ያቆስላል፤ እኛ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ቡና ጠጥተን ያደግን ሰዎች ይህን እናውቃለን» አለች። ልጅቱ በበኩሏ «እማዬ፣ በትሕትና ብትናገር ማን ይሰማት ነበር? ልጆቹስ?» ብላ ሞገተች። አባትየው ሁለቱንም ሰምቶ ዝም አለ። ዛሬም ድረስ በዚህ አንድ አልሆንንም። ሁላችንም የተስማማንበት አንድ ነገር ግን አለ። በዚያ ሰሞን ከታዩት ሁሉ የወረደው ቀልድ የሚቀጥለው ሳምንት የጥፊ ቀልድ ነው። መላው አገር የተነሣባትን አንዲት ሴት መምታት ድፍረት አይጠይቅም። ሳቁን አገኘ፤ እውነቱ ግን በእሷ በኩል ነበር።

በረመዳን ሌሊት

ማርች 30 ቀን 2024 ዝግጅቱን የመራው ራሚ የሱፍ የተባለው ሙስሊም ኮሜዲያን ነበር። ያ ምሽት በዚህ አገር የረመዳን 21ኛው ሌሊት የሚገባበት፣ የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች መጀመሪያ ነበር። ከተራዊሕ ስንመለስ ትልቋ ልጃችን «ዛሬስ የእኛው ሰው ነው!» አለች። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ የተስማማነው ሌሊቱን ለሌሊቱ ትተን በማግስቱ ከዐስር በኋላ አብረን ለማየት ነው።

አየነውም። ራሚ ስለ ረመዳን፣ ዱዓ እንዲያደርግላቸው ስለሚጠይቁት ጓደኞቹ ተናገረ። አንደኛው ቤተሰቡ ጋዛ ውስጥ በጭንቅ ላይ ያለ፣ ሌላው ውሻው ከቀድሞ ወዳጁ ዘንድ የቀረበት ነው። እሱም ለፍልስጥኤም ሕዝብ ነፃነት፣ ታግተው ለተያዙትም ሁሉ መፈታት፣ በዚያውም ለውሻው እንደ ለመነ ተናገረ። ሳቁ የመጣው ከዱዓው ላይ አይደለም፤ የሰው ጉዳይ ትልቁም ትንሹም በአንድ ጊዜ አላህ ፊት መቅረቡ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 2017፣ ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደው አዚዝ አንሳሪ በዚያው መድረክ ቆሞ ሰዎች ለሙስሊሞች ስላላቸው ፍርሃት ቀልዷል። ልጃችን «ስለ እኛ ሌላ ሰው ሲቀልድና እኛው ራሳችን ስንቀልድ ይለያያል» አለች። እውነቷን ነው።

የሳቅ ዋጋ

ወጣቶቻችን እንዲያውቁት የምንፈልገው ሌላም ነገር አለ። ከመጀመሪያዎቹ ተዋናዮች አንዱ የነበረው ጆን ቤሉሺ ከዳን አክሮይድ ጋር ሆኖ ብሉስ ብራዘርስ የተባለውን ባንድ ከጭውውት አንሥቶ እውነተኛ ባንድ አደረገው። አልበማቸው በአሜሪካ አንደኛ ወጥቶ ነበር። ቤሉሺ በማርች 1982 በአደንዛዥ ዕፅ ሞተ፤ 33 ዓመቱ ነበር። እሱን እንደ አርአያ ያይ የነበረው ክሪስ ፋርሊም በዚያው ዝግጅት ታውቆ፣ በዲሴምበር 1997 በተመሳሳይ ምክንያት ሞተ። እሱም 33 ዓመቱ ነበር። ሁለቱም አገር ያሳቁ ሰዎች ነበሩ። ሰው ሁሉ ሲስቅልህ ደኅና ነህ ማለት አይደለም።

ከፊት ወንበር

በሙዚቃ መሣሪያ ጉዳይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም እንዳላቸው አንባቢ ያውቃል፤ ፍርዱን ለባለቤቶቹ እንተወዋለን። እኛን የገጠመን ግን ከድራሙ ይልቅ የቃሉ ነገር ነበር።

ባለፈው የጸደይ ወራት የልጃችን ባንድ በትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ምሽት ላይ ጭውውትና ዘፈን ሊያቀርብ ተዘጋጀ። ጭውውቱ በትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት የምትሠራ፣ ከሌላ አገር የመጣች ሴት እንግሊዝኛ ስትናገር የምታሰማውን ቅላፄ የሚቀዳ ነበር። ልጃችን ሳሎን ውስጥ ሠርቶ አሳየን። እህቶቹ ሳቁ። ቅላፄው ልክ ነበር። እማማ ነገሩ እንዲተረጎምላቸው ጠየቁና ተተረጎመላቸው።

«ሴትዮዋ በዚያ ምሽት ትመጣለች?» አሉት።

«አዎ እማማ፣ ምግቡን የምታዘጋጀው እሷ ነች።»

«እንግዲያው ከፊት ወንበር አስቀምጧት፤ እዚያ ሆና ትየው።»

ልጁ መልስ አልሰጠም። እማማ አልተቆጡም፤ ሙስበሐቸውን ይዘው ወደ መቁጠራቸው ተመለሱ። ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት አንዱ ወገን በሌላው ላይ እንዳይሳለቅ ማዘዙን ልጁ በእሑድ ትምህርት ቤት ተምሮታል፤ እኛ ልናስታውሰው አላስፈለገንም። በማግስቱ ለጓደኞቹ ያንን ጭውውት እንደማይጫወት ነገራቸው። ሁለት ቀን ተኮራረፉ። አንደኛው ጊታር ተጫዋች ባንዱን ጥሎ ወጣ፤ እስካሁንም አልተመለሰም። የቀሩት ሦስቱ ጭውውቱን በራሳቸው ላይ አዞሩት፤ ማን ቀድሞ ይጀምር በሚል ክርክር አንድም ዘፈን ሳይጫወቱ የሚውሉ ባንድ ሆኑ።

እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያው ይበልጥ ያስቅ ነበር። አዳራሹ የሳቀው በመጠኑ ነው። ልጃችንም ይህን ያውቃል፤ ሲመለስ በመኪና ውስጥ ብዙ አልተናገረም። ሴትዮዋ ግን ሳህን ከማንሳቷ በፊት ወደ እሱ መጥታ፣ ድራሙ ጆሮዋን እንዳደነቆራት በዚያው ቅላፄዋ ነግራው ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

ሚዛኑ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቤታችን ውስጥ የጸናው ሕግ ብዙ አይደለም። አንድን ቀልድ ወይም ዘፈን ስናይ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። የሚመታው ማንን ነው፣ ብርቱውን ወይስ ደካማውን? እውነት አለበት ወይስ ውሸት ነው? የተነገረበት ሰው ከፊት ወንበር ቢቀመጥ እንናገረዋለን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከባልደረቦቻቸው ጋር ይቀልዱ እንደነበር፣ ሲቀልዱም ከእውነት እንደማይወጡ ተምረናል። ስለዚህ ሳቅን ከቤታችን አላባረርንም።

ሰዓቱን ግን አስተካክለናል። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት የተቀመጠ ልጅ ለሱብሒ እንደማይነሣ ለወላጅ መንገር አያስፈልግም። በመሆኑም ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል። እሑድ ከዙሁር በኋላ የሚታይ ካለ ሁላችን በአንድነት እናየዋለን። ትልቋ ልጃችን «በማግስቱ የታየ ቀጥታ ሥርጭት ምኑን ቀጥታ ሆነ?» እያለች አሁንም ታጉረመርማለች። እማማ ወደ ደሴ ተመልሰዋል፤ ስልክ ሲደውሉ ግን አንድ ነገር መጠየቅ አይረሱም፦ ያ ጊታር የሚመታው ልጅ ከልጃችን ጋር ታረቀ ወይ? ገና እንዳልታረቀ እንነግራቸዋለን። «እናንተ ቤት ጥሩት፣ ምሳ አብሉት» ይላሉ። ለሚመጣው እሑድ ጠርተነዋል።